አርሴማን ያያት ማን ነው?

ግራና ላይ «አርሴማ ልሄድ ነው» የሚል ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም። ስሪንቃ ነው፤ እዚያው ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ። ጸበል የሚሻውም ስለት ያለበትም ከቅርብም ከሩቅም ይመጣል። እኔ ግን ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከያዘኝ ወዲህ አልለቅህ ብሎኛል። አርሴማን ያያት ማን ነው? ስለ እሷ የምንሰማውን ሁሉ መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈረው ሰው ማን ነው? መቼ ጻፈው? እሱስ ከማን ሰማው?

ይህን መጠየቅ ድፍረት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወሎ ውስጥ ጥያቄው እንግዳ አለመሆኑን ላስታውሰው። የየጁው ዳና በእስልምና ትምህርት ስመ ጥር የሆነ ቦታ ነው። ሐዲስ የተማረ ሰው ነገሩን ከመቀበሉ በፊት ሰንሰለቱን ይጠይቃል፤ ማን ከማን ሰማ፣ ያኛውስ ከማን፣ በዕድሜ ይገናኛሉ ወይ? ኢስናድ የሚባለው ይህ ነው። የታሪክ ተመራማሪ የጥንት ክርስቲያኖችን ታሪክ ሲመረምር የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኛም አርሴማን በዚሁ መንገድ እንከተላት። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወርና ቀኑ የኛ ነው።)

መጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ። የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ሚስት ፈለገና ቆንጆ የተባለችውን ሁሉ ሥዕል ሥለው እንዲያመጡለት ሠዓሊዎች ላከ። የአርሴማ ሥዕል ደረሰው፤ ወደዳት። እሷ ግን ራሷን ለክርስቶስ የሰጠች ድንግል ነበረች። ከእመ ምኔቷ ከአጋታና ከሌሎች ደናግል ጋር ሸሽታ አርመን አገር ገባች። ቫጋርሻፓት በተባለችው ከተማ ዳር፣ የወይን መጭመቂያ ባለበት ቦታ ተጠለሉ። ዲዮቅልጥያኖስ ለአርመኑ ንጉሥ ለድርጣድስ ጻፈ። ድርጣድስ ፈልጎ አገኛት፤ ሲያያት እሱም ለራሱ ተመኛት። እምቢ አለችው። በጉልበት ሊይዛት ቢሞክር ታግላ አሸነፈችው፤ ድርጣድስ ደግሞ በጀግንነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ከዚያ እሷም ጓደኞቿም ተገደሉ። ንጉሡም አእምሮውን ስቶ እንደ እሪያ ሆነ። ጎርጎርዮስ የሚባል ቅዱስ ከዓመታት በፊት ተጥሎበት ከነበረው ጉድጓድ ወጥቶ ጸለየለት፤ ዳነ። አርመንም ከነንጉሧ ክርስቲያን ሆነች።

አሁን ወደ ምስክሩ እንምጣ። ይህን ታሪክ ከነሙሉ አካሉ የያዘው መጽሐፍ የአጋታንጌሎስ «የአርመናውያን ታሪክ» ይባላል። ጸሐፊው ራሱን ሲያስተዋውቅ ከሮም የመጣሁ የድርጣድስ ጸሐፊ ነኝ፣ ያየሁትን ጻፍኩ ይላል። እንግዲህ የዓይን ምስክር አገኘን ማለት ነው? አላገኘንም። አርመኖች የራሳቸውን ፊደል ያገኙት በ405 አካባቢ ነው፤ የቀረጸላቸውም መስሮፕ ማሽቶትስ ነው። መጽሐፉ ደግሞ የማሽቶትስ ደቀ መዝሙር ኮሪውን ስለ መምህሩ በ440ዎቹ ከጻፈው ገድል ቃል በቃል የወሰዳቸው ቦታዎች አሉት። ስለዚህ ሊቃውንት ወደ 460 ገደማ ያወርዱታል። በአርሴማ ሞትና በመጽሐፉ መካከል አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል አለ። ጸሐፊው የጻፈው የቅድመ አያቶቹን ዘመን ነው።

ዋሸ ልንል ነው? በዚያ ዘመን ለአንድ ታሪክ ክብር ለመስጠት የዓይን ምስክር አፍ መዋስ የተለመደ ነበር፤ የኛም ገድሎች ውስጥ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጎርጎርዮስ ታሪክ በአንድ መልክ ብቻ አልደረሰንም። ኒኮላይ ማር የተባለው ሊቅ በ1905 ከሲና ገዳም የተገኘ የዓረብኛ ቅጂ አሳተመ፤ ዤራር ጋሪት ደግሞ በ1946 የግሪክኛ ገድል አሳተመ። ሁለቱም በብዙ ቦታ ከአርመንኛው ይለያሉ። ይህ የሚያሳየው ከአጋታንጌሎስ መጽሐፍ በፊትም ሆነ ጎን ለጎን ታሪኩ በሌላ መልክ ይነገር እንደነበር ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ተረት ቢሆን ኖሮ መልኩ ይህን ያህል ባልበዛ ነበር።

ጥብቅ የሆነው መርማሪ የሚያነሳው ትልቁ ተቃውሞ የዲዮቅልጥያኖስ ነገር ነው። እኛ ይህን ንጉሥ በባሕረ ሐሳብ እናውቀዋለን፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው። ሚስት ነበረችው፤ ስሟ ፕሪስካ፣ ልጃቸውም ቫሌሪያ። ስለ እሱ ከጻፉት አንዱ ላክታንትዮስ ነው። ይህ ሰው ኒቆምድያ በንጉሡ ከተማ መምህር ሆኖ የኖረ ክርስቲያን ነበር፤ ዲዮቅልጥያኖስን አምርሮ ይጠላዋል፤ ስለ አሳዳጆች ነገሥታት አሟሟት መጽሐፍ ሲጽፍ ኃጢአታቸውን አንድ በአንድ ለቅሞ ነው። ንጉሡ ክርስቲያን ደናግልን በሥዕል አስመርጦ አሳድዶ ቢሆን ኖሮ ላክታንትዮስ ዝም ይል ነበር? የወዳጅ ዝምታ ብዙ አይከብድም፤ ወዳጅ ይሸፍናል። የጠላት ዝምታ ግን ይከብዳል። ስለዚህ የሥዕሉና የጋብቻው ነገር ለእኔ በኋላ የተጨመረ ጌጥ ነው።

ዓመቱም ያከራክራል። አርመኖች ክርስቲያን የሆንነው በ301 ነው ይላሉ፤ ዛሬም የሚያከብሩት በዚያው ቁጥር ነው። ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ያስነሣው ታላቁ ስደት ግን የታወጀው በ303 ነው። ደናግሉ ከስደቱ የሸሹ ከሆነ ከአዋጁ በፊት እንዴት ሸሹ? በርካታ ተመራማሪዎች የድርጣድስን ጥምቀት ወደ 314 ያወርዱታል፤ ያኔ ነገሩ ይገጥማል። የቂሣርያው አውሳብዮስም በዚያው ዘመን ሲጽፍ፣ በ312 አካባቢ ንጉሥ መክሲሚኖስ በክርስትናቸው ምክንያት ከአርመኖች ጋር ጦርነት ገጠመ ይላል። ስለ አርሴማ አንዲት ቃል አይናገርም። አርመን ውስጥ ግን ያኔ ክርስቲያኖች እንደነበሩ፣ ያውም ለጦርነት የሚያበቃ ቁጥር እንደነበራቸው፣ በአውሳብዮስ ቃል እርግጠኛ ሆነናል። ንጉሡ እሪያ የሆነበትንስ? ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ አራትን ያነበበ ሁሉ ናቡከደነፆርን ያስታውሳል። ጸሐፊው የትዕቢተኛን ንጉሥ ውድቀት በመጽሐፍ ቅዱስ ልክ ሰፍቶታል።

እስካሁን ያፈረስኩ እንጂ የሠራሁ አይመስልም። ታዲያ ምን ቀረ? መሬቱ ቀረ፤ በጣም የምወደውም ክፍል ይህ ነው።

ቫጋርሻፓት ውስጥ ዛሬም በስሟ የቆመ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሠራው ካቶሊኮስ (የአርመን ቤተ ክርስቲያን አለቃ) ኮሚታስ ነው፤ ዓመቱ 618። የራሱ የኮሚታስ ጽሑፍ በድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ይነበባል፤ በ2000 ከሌሎቹ የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውና የሴቤዮስ የሚባለው ታሪክ ኮሚታስ ሥራውን ሲጀምር የሆነውን ይነግረናል። በቦታው የነበረው የድሮ መቅደስ ዝቅ ያለና የጨለመ ነበር፤ እሱን ሲያፈርሱ የሰማዕቷ አጽም ተገኘ። ሣጥኑ በጎርጎርዮስና በካቶሊኮስ ሳሃክ ቀለበት ታትሟል። ኮሚታስ ለመክፈት አልደፈረም፤ የራሱን ማኅተም ጨመረበት። የሰማዕቷም ቁመት ተለካ፤ ዘጠኝ ስንዝር ከአራት ጣት። ለዚያ ዘመን ሴት ረጅም ናት፤ ድርጣድስን ታግላ ጣለችው የሚለውን ሰው ደስ ያሰኘዋል! ቀልዱን ትተን፣ ሳሃክ በካቶሊኮስነት የተቀመጠው ከ387 ገደማ ጀምሮ ነው። እንግዲህ አጋታንጌሎስ ከመጻፉ በፊት የአርመን ቤተ ክርስቲያን አለቃ በዚህ ቦታ አንዲት ሰማዕት ተቀብራለች ብሎ አትሟል ማለት ነው። የቦታው መታሰቢያ ከመጽሐፉ ይቀድማል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ቁፋሮ ሲደረግ፣ በጥንት ክርስቲያኖች ወግ የተቀበሩና በግፍ የተገደሉ የሚመስሉ የሴቶች አጽም ተገኝቷል። አንዳንድ የአርመን አርኪዮሎጂስቶች ይህ አጋታንጌሎስን ይደግፋል ብለዋል። አጽም ስሙን አይናገርምና እኔ እዚህ ላይ ረጋ ማለትን እመርጣለሁ። ቢሆንም ማስረጃው ከምንም ይሻላል፤ ቦታው ልክ፣ ጾታው ልክ፣ አሟሟቱም የሚመስል ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ልናገር። በአራተኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቫጋርሻፓት አካባቢ ከውጭ የመጡ ክርስቲያን ሴቶች ተገድለዋል፤ ከመካከላቸው አንዷ በስም ታስባ ቀርታለች፤ ይህን አምናለሁ። የንጉሠ ነገሥቱን ፍቅርና ሥዕሉን ግን የገድሉ ጥበብ ነው እላለሁ። ከዚህ በላይ የሚጠራጠርም ከዚህ በላይ የሚያምንም ወዳጅ አለኝ፤ ሁለቱም ማስረጃቸውን ያምጡ።

አንድ ገድል እያደር እንዴት እንደሚያድግ ለማየት ደግሞ ጎረቤት ጆርጂያን እንመልከት። ሩፊኖስ የተባለው የላቲን ጸሐፊ በ402 ገደማ ባዘጋጀው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የጆርጂያን ንጉሥ ያሳመነችው አንዲት ምርኮኛ ሴት ናት ይላል። ወሬውን የሰማው ባኩርዮስ ከሚባል የዚያው አገር መስፍን ነው። ስሟን አይጠቅስም። ቆይቶ የአርመኑ ጸሐፊ ሞቭሴስ ኾሬናጺ ስም ሰጣት፤ ኑኔ አላት፤ ከአርሴማ ጓደኞች አንዷም አደረጋት። ስም አልባዋ ሴት ስምም ዘመድም አገኘች ማለት ነው።

ያን የሩፊኖስን መጽሐፍ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ግለጡት፤ የምታገኙት እኛን ነው። የጆርጂያዋን ምርኮኛ ከመተረኩ አስቀድሞ የሚተርከው የፍሬምናጦስን ታሪክ ነው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን። ከጢሮስ የመጡ ሁለት ወንድማማች ልጆች፣ ተሳፍረውበት የነበረው መርከብ መጠቃቱ፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት ማደጋቸው፣ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ መሆኑ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሩፊኖስ አገሩን «ህንድ» ይለዋል፤ በዚያ ዘመን ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለውን ሁሉ እንዲህ ይሉት ነበር። ከማን ሰማው? ይህን ከተራ ወሬ አላገኘሁትም፣ ከራሱ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ አፍ ሰማሁት ይላል፤ ኤዴስዮስ ያኔ ጢሮስ ውስጥ ቄስ ነበር። ኢስናዱን አያችሁ? አንድ ሰው ብቻ ነው በመካከል ያለው።

ሌላም አለ። ቆስጠንጢዮስ የተባለው የሮም ንጉሠ ነገሥት በ356 ወይም 357 ለአክሱም ገዥዎች ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ፣ እምነቱ ይመርመር የሚል። ንጉሡ የአርዮሳውያን ወገን ነበር፤ አትናቴዎስ የሾመውን ጳጳስ ሊያምን አልቻለም። ደብዳቤውን ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው፤ ለንጉሡ ባቀረበው መከላከያ ውስጥ ገልብጦታል። ይህ የጠላት ምስክርነት ነው። ፍሬምናጦስን የማይወደው ንጉሥ ስለ እሱ ይጽፋል፤ የሌለን ሰው ላኩልኝ የሚል ንጉሥ የለም። ደብዳቤው የተላከውም ለሁለት ሰዎች ነው፤ ለኤይዛናስና ለሳይዛናስ።

ከዚያ ሳንቲሙ ይመጣል። የንጉሥ ኢዛና (ደብዳቤው ኤይዛናስ የሚለው) የመጀመሪያ ሳንቲሞች ጨረቃና ክብ ምልክት አላቸው፤ የኋለኞቹ መስቀል። ሐውልቶቹም እንዲሁ ናቸው፤ በቀድሞዎቹ ጽሑፎች የአረማዊ አማልክት ልጅ ሆኖ የሚናገረው ንጉሥ፣ በኋላ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል፤ በ1970 በታተመው የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ በግልጽ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። ድንጋይ፣ ብር፣ የወዳጅ ትረካ፣ የጠላት ደብዳቤ። ይህን ያህል ማስረጃ ያለው የአንድ አገር ጥምቀት በአራተኛው ክፍለ ዘመን ዓለም ብዙ አታገኙም። አርመን የላትም፤ ጆርጂያም የላትም።

ነገር ግን የኛ ስንክሳርና ባህላችን ነገሥታቱን የሚሉት አብርሃ ወአጽብሓ ነው፤ ሳንቲሙም ደብዳቤውም ይህን ስም አያውቁም። አንዳንዱ የጥምቀት ስማቸው ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሌብ የንግሥ ስሙ እለ አጽብሐ መሆኑን፣ በየመን የገዛውም አብርሃ መባሉን አንስቶ ሁለት ዘመን ተደባለቀ ይላል፤ እኔን ይህኛው ያሳምነኛል። ግን አስተውሉ። ባህሉ ስሙን ቢያጣም ሁለት ወንድማማች ነገሥታት ናቸው ማለቱን አልረሳም፤ ቆስጠንጢዮስም የጻፈው ለሁለት ሰዎች ነው። ኢዛናም በድንጋዩ ላይ ወንድሙን ሳይዛናን ይጠቅሳል። አንድም የሮም ወረቀት ሳያይ የኖረ ሕዝብ የነገሩን ቅርጽ ጠብቆ አቆየ። አርሴማንም የማያት እንዲህ ነው።

ተጠራጣሪውም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። የአባ ገሪማን ወንጌል ብዙ የውጭ ሊቃውንት የአሥረኛው ወይም የአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ነው ብለው ነበር፤ መነኮሳቱ ግን የአባታችን ዘመን ነው ይሉ ነበር። ብራናው ኦክስፎርድ ላይ በካርቦን ሲመረመር አንደኛው ጥራዝ ከ390 እስከ 570፣ ሌላኛው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ገሪማ ራሱ በአንድ ቀን ጻፈው የሚለውን ካርቦን አያረጋግጥም፤ በዘመኑ ግን መነኮሳቱ አሸነፉ።

አርሴማ ከቫጋርሻፓት ስሪንቃ በምን መንገድ ደረሰች? በመጽሐፍ የመጣችበት መንገድ ግልጽ ነው። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን የዓረብኛው ስንክሳር በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ ግዕዝ ተመለሰ፤ እኛ መስከረም 29 የምናስባት የግብጾችም ቀን ያው ስለሆነ ነው። ሌላም የሚያጓጓ መንገድ አለ። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ1330ዎቹ መጨረሻ ከአገር ወጥቶ በግብጽና በኢየሩሳሌም በኩል አርመን ዘንድ ሄደ፤ በ1352 እዚያው ዐረፈ፤ ደቀ መዛሙርቱም ተመለሱ። የአርሴማን ስም ይዘው መጡ የሚል ማስረጃ የለኝም፤ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ግን በሰው እግር ይገናኙ እንደነበር ይህ ያሳያል።

እንግዲህ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ቅርቡ ነው፤ መልሱም ያለው ከእናንተ ዘንድ ነው። ከሀብሩ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስን ታውቃላችሁ። የዚያው ገዳም አባት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገድል የተጻፈው እሳቸው በ1292 ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወንጌላቸው ግን የራሳቸው ዘመን ነው፤ 1280 ወይም 81። የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት በ1970 የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ ሲጽፍ የጠቀመው ገድሉ ብቻ አልነበረም፤ በወንጌሉ ባዶ ቦታዎች ላይ የተጻፉት የስጦታና የንብረት ማስታወሻዎችም ጭምር ናቸው። «ይህን መጽሐፍ እገሌ ሰጠ» የምትል አንዲት መስመር አንዳንዴ ከመቶ ገጽ ተአምር በላይ ለታሪክ ትጠቅማለች።

የሀብሩ ወዳጆቼ፣ ስሪንቃም ሆነ በየደብራችሁ ስትሄዱ መሪጌታውን ወይም ገበዙን በአክብሮት ጠይቁልኝ፤ ገድለ አርሴማ ያለው በየትኛው ብራና ነው? መጨረሻው ገጽ ላይ የንጉሥና የጳጳስ ስም አለ? ሁለቱ ስሞች ከተገኙ የተጻፈበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል። ፈቃድ ከሰጧችሁ ያን ገጽ በስልካችሁ አንሱት። ብራናውን ልግዛ የሚል ሰው ከመጣ ግን አትሽጡለት፤ ምስክር ነውና።